በዓይን ላይ ስለሚበቅል ሥጋ

በሐረር ጁገል ዙሪያ ከተሠሩት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሸዋ በር ነው፤ ሐረሪዎችም አስመዲን በሪ ይሉታል። በበሩ አጠገብ ባለው ገበያ ማገዶና አትክልት ይዘው የሚቀመጡ እናቶች ከረፋድ እስከ ማምሻ ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ ሲፈራረቁባቸው ይውላሉ። ቀርበን ብናይ፣ ከአፍንጫ በኩል ተነሥቶ በዓይን ነጩ ላይ ወደ ጥቁሩ የሚሳብ፣ ደም ሥር የበዛበት ሦስት ማዕዘን ሥጋ በአንዳንዶቹ ዓይን ላይ እናገኛለን። «ስለ ምን ለሐኪም አያሳዩም?» ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «አያመኝም» የሚል ነው። እኛም ልናሳስብ የምንሻው ይህንኑ ነው፤ አለማመሙ አለመጉዳቱን አያስረዳምና።

ሐኪሞች ይህን ሥጋ ቴሪጂየም ይሉታል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ትንሽ ክንፍ ማለት ነው። ሕዝባችን ሞራ ከሚለው ሕመም ጋር አንድ አይደለም፤ ሞራ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው፤ ይህ ግን በዓይን ገጽ ላይ ይበቅላል። ነቀርሳም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ዋናው ምክንያት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው፣ ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር መሆኑ ታውቋል፤ ነፋስና አቧራም ያግዙታል። ስለዚህ ሕመሙ ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ይበዛል። ሐረር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ይበረታባታል።

ሥጋው ትንሽ ሲሆን ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ዓይንን ከፀሐይ መከለልና ሐኪም ያዘዘውን ማለስለሻ ጠብታ መጠቀም ይበቃል። ነገር ግን ወደ ብሌኑ እየገፋ ሲሄድ፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለውን የዓይን ሽፋን ቅርጽ ያዛባል፤ እይታም ይደበዝዛል። ብሌኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ቢወገድ እንኳ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ወደ ሐኪም የሚኬድበት ትክክለኛው ጊዜ ከዚያ በፊት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ነው፤ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀድሞ ሥጋው ተቆርጦ ሥፍራው ባዶ ይተው ስለነበር፣ በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይበቅል ነበር፤ የተመለሰውም ከፊተኛው ሊብስ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ኬንዮን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ ከዚያው ሰው ዓይን ከላይኛው ቆብ ሥር ስስ ሽፋን ወስደው ባዶውን ሥፍራ በመሸፈን ያከሙአቸውን 57 ዓይኖች ውጤት አሳተሙ፤ ሥጋው የተመለሰው በ3ቱ ብቻ ነበር። ዛሬም በብዙ አገር የሚመረጠው ይኸው ዘዴ ነው። ከሕክምናው በኋላ ዓይን ለጥቂት ሳምንታት ይቀላል፤ አሸዋ የገባበትም ይመስላል። ጠብታውን እንደ ትእዛዙ መጨረስና በቀጠሮ መታየት ግን ግዴታ ነው፤ ሥጋው ቢመለስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነውና።

በዓይን ላይ የቅጠል ጭማቂ ማድረግ፣ ወይም ሐኪም ላልሆነ ሰው ማስቆረጥ ዓይንን እስከ ማጥፋት ያደርሳል። ቅላት ይቀንሳል ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚደረግ የስቴሮይድ ጠብታም የዓይንን ግፊት ጨምሮ ሊያሳውር ይችላል። ደግሞም በዓይን ላይ የበቀለ ሁሉ ቴሪጂየም አይደለም፤ ፈጥኖ የሚያድግ፣ የሚነጣ ወይም የሚደማ ከሆነ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሊመረመር ይገባል።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻችሁ ብታስረዱ፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የእናት አባታቸውን ዓይን አስተውለው ያያሉ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ጨረር የሚከላከል መነጽር፣ ለገበያተኛም የዳስ ጥላ ዓይንን ይጠብቃሉ። «አያመኝም» የሚሉትንም እናት እጃቸውን ይዞ ወደ ሐኪም የሚያደርስ ልጅ፣ ብርሃናቸውን በጊዜ አተረፈላቸው ማለት ነው።