ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ አበቦች ለምን ይደርቃሉ? ምን እናድርግ?



ከግቢ ቤት ወጥታችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ዕቃው ሁሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲያልቅ እናቶች "አበባዬስ?" ይላሉ። የእኛም ቤት እንደዚያው ነበር። እማዬ በዘይት ጀሪካንና በተሰነጠቀ ባልዲ ለዓመታት ያሳደገቻቸውን 11 አበቦች ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ አወጣን። 4ቱን መስኮት ሥር፣ 7ቱን ሳሎኑ ጥግ ላይ ደረደርናቸው።

በ3 ወር ውስጥ የጥጉ 7ቱም ደረቁ። እማዬ "ቤቱን ጠሉት" አለች። እኛ ደግሞ ውሃ አንሷቸው ነው ብለን በየቀኑ እናጠጣ ነበር። በኋላ ስናጣራ እማዬ ወደ እውነቱ ትቀርብ ነበር፤ እኛ ግን በውሃ ስንገድላቸው ነው የከረምነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

ብርሃን ነው። "ኧረ ቤታችን ብርሃን ነው!" ትሉ ይሆናል። ዓይናችን ነው የሚሸውደን። ዓይን ራሱን ቶሎ ስለሚያስተካክል በደጅና በቤት መካከል ያለውን ልዩነት በትክክል አያሳየንም። ብርሃን ግን በሉክስ ይለካል። ቀትር ላይ ደጅ ፀሐይ ሲመታን ወደ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 5,000 ቢሆን ነው። ሳሎን ጥግ ላይ ደግሞ ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳል። ለእኛ መጽሐፍ ለማንበብ ይበቃል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ለኖረ አበባ ግን የለመደውን መቶኛ እንኳ አይሆንም።

ተክል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው። ያንን ምግብ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ለመኖር ያወጣዋል። ገቢው ከወጪው ሲያንስ ያጠራቀመውን መብላት ይጀምራል፤ ደሞዝ እንደተቋረጠበት ሰው ማለት ነው። ለዚህ ነው አበባው በገባ በሳምንቱ ሳይሆን ቆይቶ የሚደርቀው፤ እኛም ምክንያቱ የሚጠፋን።

መላመድ ማለት ምን ማለት ነው?

ፀሐይ ላይ ያደገ ቅጠል ወፈር ያለ ነው። ጥላ ውስጥ ያደገ ቅጠል ደግሞ ስስና ሰፋ ያለ፣ ትንሿንም ብርሃን የሚለቅም ነው። አድጎ የጨረሰ ቅጠል አሠራሩን ብዙም መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ አሮጌዎቹን እያረገፈ ለአዲሱ ቦታ የሚሆኑ ቅጠሎችን ያወጣል። ይህ ሳምንታት ይወስዳል። የእኛ ሥራ ይህንን ጊዜ መስጠት ነው።

ነገሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ቻርልስ ኮኖቨርና ሪቻርድ ፑል፣ ተክሎች ከመሸጣቸው በፊት ጥላ ሥር ከቆዩና ማዳበሪያ ከተቀነሰላቸው ቤት ሲገቡ ቅጠላቸው ብዙም እንደማይረግፍ አሳይተዋል። ስለዚህ መንገድ ዳር አበባ ስትገዙ ከዋጋው በፊት "ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ውስጥ ያደገው?" ብላችሁ ጠይቁ።

እንዴት እናላምዳቸው?

1. የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፦ በረንዳ ላይ ወይም ደጅ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ቦታ ይቆዩ።

2. ቀጣዮቹ 2 ሳምንታት፦ ወደ ቤት አስገቡና መስኮት ሥር አስቀምጧቸው።

3. ከዚያ በኋላ፦ ወደምትፈልጉት ቦታ ቀስ እያላችሁ አስጠጉ። ከመስኮት ከ2 ሜትር በላይ ባታርቁ ጥሩ ነው።

4. ውሃ ቀንሱ። ብርሃን ሲያንስ ተክሉ የሚጠጣው ውሃም ያንሳል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ጀሪካኑን ከታች ብሱት፤ ውሃ ከቋጠረ ሥሩ ይበሰብሳል።

5. ማዳበሪያ ለጊዜው ይቅር። ዕቃ መቀየርም እንደዚሁ፤ ሁለት ጭንቀት በአንዴ አይጫንበት።

6. ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ ብርሃን ይከለክላል። በየሳምንቱም ዕቃውን ትንሽ አዙሩት።

ጥቂት ቅጠል ቢረግፍ አትደንግጡ፣ አትጣሉትም። የሚያወጣውን አዲስ ቅጠል እዩ። ጤነኛ ከሆነ እየለመደ ነው። ግንዱ ቀጥኖ ከረዘመ፣ ቅጠሉም እያነሰና እየገረጣ ከመጣ ብርሃን እየለመነ ነው፤ ወደ መስኮት መልሱት። ወደ ፀሐይ ስትመልሱትም በአንዴ አይሁን፣ ቅጠሉ ይቃጠላል።

የትኛው መስኮት?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ሞልቶት የነበረ የደቡብ መስኮት ሰኔ ላይ ፀሐይ ባይገባው አይግረማችሁ። የክረምቱ ደመና ሲጨመርበት ብርሃኑ ጭራሽ ያንሳል። ክረምት ሲገባ አበቦቹን ወደ መስኮት አስጠጉ፣ ውሃውንም ይበልጥ ቀንሱ።

የማይላመዱም አሉ

ይህን በግልጽ እንንገራችሁ። ስኔክ ፕላንት፣ ዚዚ ፕላንትና ፖቶስ ትንሽ ብርሃን ይችላሉ። ጽጌረዳ፣ ጄራኒየም፣ ቡጋንቪሊያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ግን ፀሐይ ወዳዶች ናቸው። እነዚህን ሳሎን ጥግ አስቀምጦ "ይለምዳል" ማለት ቀስ አድርጎ መግደል ነው። ቦታቸው በረንዳ ነው፤ ካልሆነም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። በረንዳ ላይ ስታስቀምጡ ደግሞ አደራ፣ በደንብ እሰሩት፤ ከታች ሰው ያልፋል።

የእማዬ ጤና አዳም ከደረቁት 7 አንዱ ነበር። የቡናዋ ነገር ስለሆነ ከሁሉም እሱ ነው የከነከናት። አሁን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምና በረንዳው ብረት ላይ ባሰረችው ጀሪካን ተክላለች፤ ይዞላታል። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ቀንበጥ ቆርጣ ትመጣና "እኔ መጀመሪያም ቤቱን ጠሉት ብያችሁ ነበር" ትለናለች። መልስ የለንም።

እናንተስ ጋ የትኛው አበባ ለመደ? የትኛውስ እምቢ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሰሞኑን ቤት ለቀየረ ሰውም ሼር አድርጉለት፤ አበባዎቹን ጥግ ላይ ከመደርደሩ በፊት ይድረሰው።