ዋንጫው ከታወቀ ጨዋታው ይደብራል?
መካነ ሰላም ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ያለ ሰው «የእንግሊዝ ሊግ እኮ ደበረ፣ አሸናፊው ይታወቃል» ሲባል ሳይሰማ አይወጣም። ወሬው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 ከነበሩት ሰባት ዋንጫዎች ማንቸስተር ሲቲ ስድስቱን ወስዷል፤ የ2020ውን ብቻ ሊቨርፑል አነሳው።

እስቲ የኛን ሊግ እንየው። በነዚያው ዓመታት ጅማ አባ ጅፋር፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ንግድ ባንክ ዋንጫውን አንስተዋል (የ2020ው በኮሮና ተሰርዟል)። አምስት ሻምፒዮን! ለመገመት የሚከብደው የኛው ነው፤ ቤቱን ጢም አድርጎ የሚሞላው ግን አርሰናል ነው።

በእኔ አስተያየት ሊጉ የሚደብረው ደጋፊ ላልሆነ ሰው ነው። አርሰናል ከ2004 ዋንጫው በኋላ እስከ 2025 ድረስ ሌላ የሊግ ዋንጫ አላነሳም፤ ደጋፊው ግን ከፍሎ መግባቱን አልተወም። እሱን የሚያስጨንቀው የዛሬው የቶተንሃም ጨዋታ ነው፤ ያ ደግሞ ሲቲ ዋንጫውን ወሰደም አልወሰደም አስቀድሞ አይታወቅም።