ለጥፋት የተፈረደባቸው ሥዕሎችና ድምፆች

በለንደን ከተማ፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ በሚገኘው የብሪታንያ የፊልም ተቋም ቲያትር፣ ከ1993 ጀምሮ (በዚህ ሐተታ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «የጠፉ፣ ተደምስሰዋል ተብለው የሚታመኑ» የሚል ስም የተሰጠው ትርኢት ይደረጋል፤ ወደዚያ የሚሰበሰበውም ሕዝብ አዲስ ነገር ለማየት የጓጓ ሳይሆን፣ ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በፊት ታይተው ከዚያ በኋላ ራሱ ሠሪያቸው ያጠፋቸውን፣ ኋላም ከአንድ ሰብሳቢ ዕቃ ቤት ወይም ከሩቅ አገር መጋዘን የተገኙትን የቴሌቪዥን ድራማዎች፣ ቀልዶችና ዘፈኖች እንደ ገና ለማየት የሚሻ ነው። ድል አድራጊ የጠላቱን መጻሕፍት ማቃጠሉ በታሪክ የታወቀ ነው፤ የገዛ እጁን ሥራ በሰላም ቀን፣ በደንብና በፊርማ፣ ያለ አንዳች ጥላቻ የደመሰሰ ድርጅት ግን ብርቅ ስለ ሆነ፣ አኳኋኑን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ቴሌቪዥን በብሪታንያ በተጀመረበት ዘመን አብዛኛው ትርኢት እንደ መድረክ ተውኔት በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበር፣ ተዋንያኑ ሥራቸውን ሲጨርሱ ትርኢቱም አብሯቸው ያልፍ ነበር። በ1956 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥዕልንና ድምፅን ባንድነት የሚቀርጽ መኪና ካቀረበ በኋላ ግን፣ ወርዱ ሁለት ኢንች የሆነው የቪዲዮ ቴፕ ወደ ብሪታንያ ጣቢያዎችም ገባ፤ ይሁን እንጂ ቴፑ እጅግ ውድ በመሆኑና የተቀረጸበትን አጥፍቶ ሌላ ለመቅረጽ የሚመች በመሆኑ፣ መሐንዲሶቹ ለትውልድ የሚቀመጥ መዝገብ ሳይሆን፣ ጽሕፈቱ ተፍቆ ሌላ እንደሚጻፍበት ብራና አድርገው ይመለከቱት ነበር። የተዋንያንና የሙዚቀኞች ማኅበራትም፣ አሮጌ ትርኢት እየተደጋገመ ሲታይ አባሎቻችን እንጀራቸውን ያጣሉ ብለው በመሥጋት፣ አንድ ሥራ በድጋሚ የሚታይበትን ብዛትና ጊዜ በውል ስለ ወሰኑ፣ የውሉ ዘመን ያለፈበት ቴፕ መደርደሪያ ከማጣበብ በቀር ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም አልነበረም። በ1967 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ የቀለም ሥርጭት በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተቈጠረ፤ ሰው በየቤቱ አሮጌ ትርኢት ገዝቶ የሚያይበት ዘመን እንደሚመጣ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

በዚህ አኳኋን የጠፋው ነገር ብዛቱ ያስደነግጣል። በ1963 ገና በብሪታንያ እምብዛም ያልታወቀው ወጣቱ ቦብ ዲላን የተጫወተበትና የዘፈነበት ተውኔት በ1968 ተደመሰሰ፤ ሰው በጨረቃ ላይ በወረደበት በሐምሌ 1969 ቢቢሲ ከስቱዲዮው ያስተላለፈው ሐተታ አብዛኛው የለም፤ «ዶክተር ሁ» የተባለው፣ በ1963 የጀመረውና ልጅና ዐዋቂ ባንድነት ይመለከተው የነበረው ተከታታይ ድራማ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ከታዩት 253 ክፍሎቹ መካከል ከመቶ የሚበልጡት በአንድ ወቅት ከቢቢሲ እጅ ጠፍተው ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሱ ማልደን የተባሉ ሴት በቢቢሲ የሚቀመጠውን ከማይቀመጠው የሚለዩ የመጀመሪያዋ ዐቃቤ መዛግብት ሆነው ሲሾሙ፣ ጥፋቱ እንዴት እንደ ደረሰ ለመመርመር እንደ ምሳሌ የመረጡት ይህንኑ «ዶክተር ሁ»ን ነበር። የተገለጠላቸውም ነገር፣ ቴፖቹ በምሕንድስና ክፍል ሥር፣ ለውጭ አገር ሽያጭ የሚታተሙት ፊልሞች በንግድ ክፍሉ ሥር፣ የፊልም ቤተ መዛግብቱም በሦስተኛ አለቃ ሥር ሆነው፣ እያንዳንዱ የገዛ ቅጂውን ሲያስወግድ ሌላው አንድ ያስቀመጠ እየመሰለው፣ ማንም ሳይከፋና ማንም ደንብ ሳይጥስ ሁሉም እንደ ጠፉ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ክፉውን ሽሮ ነገሩን ማቃናት በተቻለ ነበርና። በ1978 ኢያን ሌቪን የተባለ የድራማው ወዳጅ፣ በምዕራብ ለንደን በኢሊንግ ወደሚገኘው የንግድ ክፍሉ ቢሮ ሄዶ፣ ሊወገዱ ተለይተው ከተቀመጡ ፊልሞች መካከል «ዳሌክ» የተባሉት ታዋቂ ጠላቶች መጀመሪያ የታዩበትን ሰባት ክፍል ታሪክ አገኘ፤ ተከራክሮም አስተረፈው።

እንግዲህ የጠፋው ነገር የሚገኝበት መንገድ የተከፈተው በንግዱ ክፍል ነው። የቪዲዮ ቴፕ መኪና ያልነበራቸው ብዙ የውጭ ጣቢያዎች ስለ ነበሩ፣ ቢቢሲ በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ የሚታየውን በፊልም ካሜራ እያነሣ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ያዘጋጅላቸው ነበር፤ ከእነዚህም ፊልሞች አንዱ ጥቅል ወጪን ለመቈጠብ ሲባል ከአንዱ አገር ጣቢያ ወደ ሌላው አገር ጣቢያ ሲዘዋወር ኖሮ፣ በመጨረሻ የደረሰው ጣቢያ ወደ ለንደን እንዲመልሰው ወይም አጥፍቶ ማጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይታዘዝ ነበር። ታዛዡ ጣቢያ አጠፋ፤ ሰነፉና ረሺው ግን አዳነ። በ1967 የተሠራውና ጭራሹን የለም ተብሎ የነበረው ባለ አራት ክፍሉ የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ ከሆንግ ኮንግ ተመልሶ በ1992 ለሕዝብ የቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1957 እስከ 1970 በብሪታንያ የተሠሩ ከስድሳ የሚበልጡ ተውኔቶችም፣ የኒው ዮርክ የትምህርት ጣቢያ ገዝቶ ካሳያቸው በኋላ በዋሺንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ኖረው በ2010 ይፋ ሆኑ፤ ሾን ኮነሪ ገና የጄምስ ቦንድን ስም ሳይሸከም የተጫወተው የ1960 ተውኔት ከነዚህ መካከል ይገኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ግን ከአፍሪካ የመጣ ነው። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈላጊ፣ የድሮውን የማጓጓዣ መዛግብት እየመረመረ፣ ፊልሞቹ ይጓዙበት የነበረውን መንገድ ተከትሎ በየአገሩ የቴሌቪዥን ቤቶችን መጋዘን ሲያስከፍት ቈይቶ፣ በናይጄሪያ በጆስ ከተማ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ጣቢያ ክፍል ውስጥ አቧራ የለበሱ የፊልም ጥቅሎችን አገኘ፤ በጥቅምት 2013 ለዓለም እንደ ተነገረውም፣ ከዚያ ከተገኙት ዐሥራ አንድ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ዘጠኙ ፈጽሞ ጠፍተው የነበሩ ናቸው። ሁሉ ቦታ ግን እንደ ጆስ አልቀናም፤ የሴራሊዮን የቴሌቪዥን ቤት ፊልሞች በእርስ በርሱ ጦርነት ወድመዋልና።

ሥዕሉ የጠፋው ሁሉ ድምፁ አልጠፋም። በየቤታቸው የቴፕ ቀራጭ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እያስቀመጡ፣ ቤተሰቡን ዝም እያሰኙ ድምፁን የቀረጹ ወጣቶች ስለ ነበሩ፣ ከ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ድምፁ የሌለ አንድ እንኳ የለም። ጆን ኩራ የተባለው ባለሙያ ደግሞ ከቤቱ ተቀምጦ የቴሌቪዥኑን መስተዋት በፎቶግራፍ እያነሣ፣ ሥራቸውን እንደ ማስረጃ ለማስቀመጥ ለሚፈልጉ ተዋንያንና አዘጋጆች ይሸጥ ነበር፤ በ1969 ሲሞት ትቶት ያለፈው ሥራ ዛሬ ለብዙ የጠፉ ትርኢቶች የቀረው ብቸኛ ሥዕል ነው። የቢትልስ ቡድንም ከ1962 እስከ 1965 በቢቢሲ ራዲዮ 88 ልዩ ልዩ ዘፈኖችን ሲዘፍን፣ ራዲዮው አብዛኛውን ቴፕ ስላላስቀመጠ፣ በ1994 የወጣው የዚያ ዘመን አልበም በከፊል አድማጮች በቤታቸው በቀረጹት ድምፅ የተሟላ ሆነ።

በሙዚቃው በኩል «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» የተባለው፣ በ1964 የጀመረው ሳምንታዊ ትርኢት፣ የመጀመሪያ ዓመታቱ አብዛኛው የለም። በጥር 1973 ዴቪድ ቦዊ በዚህ ትርኢት የተጫወተው ዘፈን የተገኘው፣ ካሜራ አንሺው ጆን ሄንሻል ራሱ የሠራውን የካሜራ መነጽር ለማሳየት ሲል አንድ ቅጂ ለራሱ ስለ ወሰደ ብቻ ነው፤ በ2011 አውጥቶ ሲያሳይ ሌላ ቅጂ በዓለም አልነበረም። ቢትልስ በ1966 በዚሁ መድረክ ከተጫወቱት ደግሞ በ2019 ተገኝቶ የታየው አጭር ቍራጭ ብቻ ነበር። በለንደን በሆሎዌይ መንገድ ከሱቅ በላይ ባለ ቤት «ቴልስታር» የተባለውን ሙዚቃ የቀረጸው ጆ ሚክ በ1967 ሲሞት የተወው ከ1,800 በላይ ቴፕም፣ በሻይ ሣጥኖች ተከትቶ ተሽጦ ዐሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ2020 ወደ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ እጅ ገብቷል።

ጥበቡ ግን በመፈለግ አያበቃም። የቀለም ትርኢት ወደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲገለበጥ፣ የቀለሙን ምልክት በማጣሪያ ማስወገድ ደንብ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህ ሳይደረግ ስለ ቀረ፣ በፊልሙ ላይ ረቂቅ የነጠብጣብ ጥልፍ ታትሞ ቀረ። የዚያን ዘመን ተመልካች የሥዕሉ ጉድለት አድርጎ ሊቈጥረው የሚችለውን ይህን ጥልፍ፣ የቢቢሲ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ኢንሰል የቀለም ምሥጢር መሆኑን አስተውሎ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በኮምፒዩተር ፈታው፤ በታኅሣሥ 2008 «ዳድስ አርሚ» ከተባለው ቀልድ በጥቁርና ነጭ ብቻ የቀረ አንድ የ1969 ክፍል በገዛ ቀለሙ ተላለፈ። እዚህም ላይ ያዳነው የደንብ መጓደል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ዛሬ የቀረው ሀብት በአብዛኛው በግል ሰብሳቢዎች እጅ ነው። ከመጣያ ቤት የወጣ ፊልም የያዘ ሰው፣ ንብረቱ የማን ነው ብለው ቢጠይቁኝስ እያለ ሲሰጋ መኖሩ አያስደንቅም፤ ሰብሳቢዎቹም አርጅተዋል፣ ወራሾቻቸውም የቆርቆሮውን ይዘት ሳያውቁ ወደ ቆሻሻ ይጥሉታል። ስለዚህ ባለ መብቶቹ ጣቢያዎች፣ ፊልሙን ላበደረ ሰው ክስ እንደማይደርስበትና ከተገለበጠ በኋላ ፊልሙ እንደሚመለስለት በግልጽ ሊያውጁ ይገባል፤ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነውና። በአፍሪካ ይሁን በሌላ ስፍራ፣ በአሮጌ የቴሌቪዥን ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በቆንስላ ዕቃ ቤት በእንግሊዝኛ የተጻፈበት የፊልም ቆርቆሮ የሚያገኝ አንባቢም፣ ሲከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ቢሸተው ፊልሙ መበስበስ እንደ ጀመረ ይወቅ፤ ልየው ብሎ በማሳያ መኪና አያስኬደው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው፣ ሳይውል ሳያድርም ፊልም ለሚያውቅ ዐቃቤ መዛግብት ያስታውቅ።