መጫወቻው ይጫወታል ወይስ ልጁ?

ዓመት በዓል ሲቃረብ መርካቶም ሆነ የሰፈሩ ሱቅ በራፉ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ይሞላል። መኪናው ቁልፉ ሲነካ ይጮኻል፤ አሻንጉሊቷ ሆዷን ሲጫኗት ትዘፍናለች፤ ጠመንጃው መብራት እያበራ ይንጣጣል። እርስዎም ከሥራ ወጥተው ወደ ታክሲ ሲያመሩ በዚያ በኩል ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ ያላዩት ልጅዎ ትዝ ይልዎትና እጅዎ ወደ ቦርሳዎ ይሄዳል። ይህ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ራስዎን አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ይህ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ የሚጫወተው ማን ነው? ዕቃው ነው ወይስ ልጁ?

በባትሪ የሚሄደው መኪና ራሱ ይሮጣል፣ ራሱ ይጮኻል፣ ራሱ ይዞራል። ለልጁ የሚቀርለት ሥራ ቁልፉን መጫንና ቆሞ ማየት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ግን ወይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ ልጁ ይሰለቸዋል፤ ከዚያም ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ይሰባብረዋል። ያን ጊዜ ልጁን አይቆጡት። ዕቃው ከተገዛለት ወዲህ የሠራው የመጀመሪያው እውነተኛ ጨዋታ ይኸው ነውና።

አሁን ደግሞ የሰፈር ልጆች ከሽቦ የሚሠሩትን መኪና ያስቡ። ሽቦው ይለቀማል፣ ይቃናል፣ ይታጠፋል፤ ጎማው ከቆርኪ ይበጃል፤ መሪው ረጅም ሆኖ ልጁ ቆሞ እንዲነዳው ይደረጋል። ድምፁን የሚያወጣው ልጁ በገዛ አፉ ነው። ዛሬ የጭነት መኪና፣ ነገ አምቡላንስ፣ ከነገ ወዲያ አውቶቡስ ይሆናል። ዕቃው ጥቂት ስለሚሠራ ልጁ ብዙ ይሠራል። መጫወቻ ሲመርጡ ከዋጋውም ከመልኩም በፊት የሚመዝኑት ይህንን ይሁን።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። የሕፃናትን ትምህርት ቤት በ1840 እ.ኤ.አ. «ኪንደርጋርተን» ብሎ የሰየመው ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮበል ለሕፃናት ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች «ስጦታዎች» ብሎ ይጠራቸው ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ ቀለማቸው የተለያየ ስድስት ለስላሳ የሱፍ ክር ኳሶች ነው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠሩ ድቡልቡል፣ ባለ ስድስት ጎንና እንደ በርሜል ያለ ቅርፅ ናቸው። ሦስተኛው አንድ የእንጨት ሣጥን መሳይ ሲሆን በስምንት እኩል ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል። ከእነዚህ አንዱም አይዘፍንም። ሕፃኑ ግን ያንከባልላል፣ ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ዛሬ በሱቅ የምናያቸው የእንጨትና የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች የዚያው ዘር ናቸው። አቅም ካለዎት እነዚህን ይግዙ፤ የሁለት ዓመት ልጅ ይደረድራቸዋል፣ የስምንት ዓመቱ ደግሞ ድልድይ ይሠራባቸዋል።

እርግጥ ነው ዕድሜን ማየት ያስፈልጋል። የስድስት ወር ሕፃን ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው፤ ስለዚህ የሚታጠብና የማይሰበር ነገር ይበቃዋል። ዓመት የሞላው ሕፃን ማስገባትና ማውጣት ይወዳል፤ አንድ ጣሳና ጥቂት የእንጨት ማንኪያ ከሰጡት ወጥ እስኪበስል ድረስ አያስቸግርዎትም። ከሦስት ዓመት ጀምሮ የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ዘመን ነው። ሰባት ዓመት አካባቢ ደግሞ ደንብ ያለው ጨዋታ ይመጣል፤ ገበጣን የመሰለ የለም። ከእንጨት የተጠረበውን ባያገኙ የእንቁላል መያዣ ካርቶንና ጠጠር ይበቃል። ልጁ ይቆጥራል፣ ያሰላል፣ መሸነፍንም ይለማመዳል። ገበጣ ግን ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ከእራት በኋላ አንድ ዙር ብቻ እንኳ አብረውት ቢጫወቱ፣ ከሥራ ዘግይተው በመግባትዎ የሚሰማዎትን ቅሬታ በፕላስቲክ ከመካስ የተሻለ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላንሳ። ለሴት ልጅ ጀበናና አሻንጉሊት፣ ለወንድ ልጅ መኪናና ኳስ የመግዛት ልማድ በየቤቱ አለ። ልጆቹን ብቻቸውን ትተው ቢመለከቷቸው ግን ወንዱ ከእኅቱ ጋር ቡና ያፈላል፤ እርሷም መኪናውን ትነዳለች። የሚለያያቸው የእኛ ቃል ነው። አሻንጉሊት ያቀፈ ወንድ ልጅ አባት የመሆንን ነገር እየተለማመደ ነው፤ መገጣጠሚያ የተሰጣት ልጅም እጇንና ዓይኗን እያሠራች ነው። እኅትና ወንድም ካሉ አንድ ዓይነት መጫወቻ ለሁለቱ ይግዙ፤ ወጪውም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። መጫወቻ ልጅ ሊጎዳ፣ አልፎም ሊገድል ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ሳንቲም የምታህለው ክብ ባትሪ ናት። በሚያበሩና በሚዘፍኑ ትናንሽ መጫወቻዎች፣ በሚዘፍን የልደት ካርድ፣ በሪሞትና በሰዓት ውስጥ ትገኛለች። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንኳ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። የሚያቃጥለው ባትሪዋ ስለፈሰሰች ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ሥጋ ሲነካት ኤሌክትሪኩ ራሱ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። ስለዚህ «አልቃለች» ብለው የጣሏትም ባትሪ አደገኛ ናት። የባትሪው ክዳን በቡሎን ያልታሰረ መጫወቻ በምንም ዋጋ አይግዙ። ሕፃኑ ባትሪ መዋጡን ከጠረጠሩ፣ ምራቁ ከተዝረበረበና ምግብ እምቢ ካለ፣ እንዲያስመልሰው ሳይሞክሩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። «እስቲ እስከ ጠዋት እንየው» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ትናንሽ ኃይለኛ ማግኔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ከአንድ በላይ ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል እየተሳሳቡ አንጀት ይበሳሉ።

ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚገዙትን ሁሉ በቀላል ዘዴ መፈተን ይችላሉ። የሶፍቱ ወረቀት ሲያልቅ መሐል ላይ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ አይጣሉት። በዚያ ቱቦ ውስጥ ማለፍ የሚችል ማንኛውም መጫወቻ ወይም የመጫወቻ ክፍል ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላል። ብይ፣ ቆርኪ፣ የአሻንጉሊቷ ዓይን፣ የመኪናው ጎማ ሁሉ ያልፋሉ። ለታላቁ ልጅ ብይ ከገዙለት ታናሹ የማይደርስበት ማስቀመጫ አብረው ያስቡ። በልደት ቀን የሚሰቀለው ፊኛም የዋህ መስሎ ይታያል፤ የፈነዳው ቁራጭ ግን ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ በጣትም አይወጣም። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትልቅ ሰው በሌለበት ፊኛ አይንፋ፤ ፊኛው ሲፈነዳ ቁርጥራጩን ወዲያው ይልቀሙ።

ቀለሙንም በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። የሚረግፍ ከሆነ ይመልሱት። እርሳስ የተባለው ብረት ያለበት ቀለም ወደ ሕፃን ሆድ ሲገባ አእምሮን ይጎዳል፤ አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን የእርሳስ መጠን የሚወስን ደንብ በ2018 እ.ኤ.አ. ብታወጣም በየመንገዱ የሚሸጠው መጫወቻ ቀለሙ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የሚጮኸውንም ከራስዎ ጆሮ አስጠግተው ይሞክሩት፤ እርስዎን ካሳመመዎት ልጁንም ያሳምመዋል።

እጅ ሲያጥር መጫወቻ ከቤት ይወጣል። የተቀደደ ካልሲ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅጥቆ አፉ በጥብቅ ከተሰፋ ጥሩ ኳስ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ብርጭቆም አይሰብር። ከተረፈው ጨርቅ አሻንጉሊት ቢሠሩ ደግሞ ዓይኗን በአዝራር አይስፉት፤ አዝራር ተነቅሎ ይዋጣል። በጥቁር ክር ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ ቢያደርጉት ዓይን ይሆናል። ፀጉሯን ከሱፍ ክር አሳጥረው ይስፉላት፤ ረጅም ክር አንገት ላይ ይጠመጠማልና። ለቀሚሷ ልጅዎ ያረጀ ልብሷን ራሷ ትምረጥ፤ ስሟንም እርሷው ታውጣላት።