ቀስ እያለ የሚሰፋው ሽፍታ

ገጠር ያደገ ሰው መዥገርን ያውቀዋል። ከላም ጡት ሥር ወይም ከውሻ ጆሮ ላይ ተለጥፎ በደም ያበጠውን ግራጫ ተባይ በጣቱ ነቅሎ በድንጋይ ጨፍልቆታል። ይህ ሰው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ገብቶ “እዚህ አገር መዥገር ያሳምማል፣ ተጠንቀቅ” ቢባል ዓይኑ የሚፈልገው ያንኑ ትልቁን ነው። ላይም የተባለውን በሽታ በብዛት የሚያስተላልፈው ግን እግረ ጥቁሩ የአጋዘን መዥገር ገና ሳያድግ፣ ኒምፍ በሚባለው ደረጃ ላይ እያለ ነው። ያኔ መጠኑ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ሲነክስ አያምም። ከሣር ወይም ከረገፈ ቅጠል ላይ ተነሥቶ በእግር ይወጣና ቋንጃ፣ ብሽሽት፣ ብብት ወይም የራስ ፀጉር ውስጥ ተደብቆ ለቀናት ደም ይመጥጣል። ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ሰው ቁምጣ ለብሶ ሥጋ ሊጠብስ ወደ መናፈሻ በሚወጣበት ወቅት፣ እሱም ሥራ ላይ ነው።

በላይም ከተያዙት ብዙዎቹ መዥገር እንደነከሳቸው ጨርሶ አያስታውሱም። ስለዚህ “ነክሶኛል ወይስ አልነከሰኝም?” የሚለው ጥያቄ ሩቅ አይወስድም። ሩቅ የሚወስደው ሰውነት የሚያሳየውን ምልክት ማንበብ ነው።

በሽታው የታወቀውም እንዲሁ ምልክት በሚያነቡ እናቶች ነው። ፖሊ መሬይ በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የላይም ከተማ ነዋሪ፣ ሠዓሊና የአራት ልጆች እናት ነበሩ። እሳቸውም ቤተሰባቸውም ለዓመታት በሽፍታ፣ በትኩሳትና በመገጣጠሚያ እብጠት ሲሰቃዩ ሐኪሞች መልስ አጡላቸው። መሬይ ግን የቤተሰቡንም የጎረቤቱንም ሕመም መመዝገብ አላቋረጡም። በ1975 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ጁዲዝ ሜንሽ የተባሉ ሌላ እናት በየፊናቸው ለባለሥልጣናት አመለከቱ። ለአካባቢው ልጆች ሕመም የተሰጠው ስም የልጆች ሪህ ነበር፤ ያ ሕመም ደግሞ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሄድ አይደለም። የየል ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አለን ስቲር በላይምና በሁለት አጎራባች ከተሞች 51 ሕመምተኞች መረመሩ፤ 39ኙ ልጆች ናቸው። ሩብ የሚሆኑት ጉልበታቸው ከማበጡ በአማካይ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ቆዳቸው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ሽፍታ እንደነበረ አስታወሱ።

ያ ሽፍታ ለአውሮፓ ሐኪሞች እንግዳ አልነበረም። ስዊድናዊው የቆዳ ሐኪም አርቪድ አፍዜሊየስ በ1909 እ.ኤ.አ. ከመዥገር ንክሻ ጋር አያይዘው ገልጸውት ነበር። ተህዋሱን ያገኙት ደግሞ ትውልደ ስዊዘርላንዱ ዊሊ በርግዶርፈር ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ከኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ አካባቢ የመጡ መዥገሮችን ለሌላ በሽታ ሲመረምሩ አንጀታቸው ውስጥ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ አዩ። ዓይናቸው ለዚህ የሠለጠነ ነበር፤ የዶክትሬት ሥራቸው በአፍሪካ መዥገሮችና በሚያስተላልፉት የግርሻ ትኩሳት ላይ ነው። ባክቴሪያው ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተብሎ በስማቸው ተጠራ። ለእኛም ዘሩ ባዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያ በልብስ ቅማል የሚተላለፈውን፣ ሄድ መለስ የሚለውን የግርሻ ትኩሳት የሚያመጣው ተህዋስ የዚሁ የቦሬሊያ ወገን ነው።

ወደ ሽፍታው እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። በአሜሪካ ከ10 ሕመምተኞች 7 ወይም 8ቱ ይወጣባቸዋል። ጊዜው ከንክሻው በኋላ ከ3 እስከ 30 ቀን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ገደማ ነው። መዥገሩ በተነቀለ ማግስት የምትታየው፣ የምታሳክከውና በአንድ ሁለት ቀን የምትከስመው ትንሽ ቅላት ቆዳ ለንክሻው የሚሰጠው መልስ እንጂ ላይም አይደለችም። የላይሙ ግን በየቀኑ ይሰፋል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይም ሊደርስ ይችላል። ሲዳስሱት ሊሞቅ ይችላል፤ ማሳከክና ማመም ግን እምብዛም አያውቅም። ባይታከምም ከሳምንታት በኋላ በራሱ ይጠፋል። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ነው፤ ሽፍታው ጠፋ ማለት ባክቴሪያው ጠፋ ማለት አይደለም።

በየክሊኒኩ ግድግዳ የሚለጠፈው ሥዕል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሥዕሉ የሚያሳየው በነጭ ቆዳ ላይ፣ መሐሉ ቀይ፣ ዙሪያው የጠራ፣ ጠርዙ እንደገና ቀይ የሆነ የተኩስ ዒላማ የመሰለ ክብ ነው። እንዲህ ያለ አለ፤ ብዙው ግን ዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቀይነቱም አይታይም፤ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ የበለዘ ቦታ ይመስላል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ከቆዳው ቀለም ጋር ይመሳሰላል። በሜሪላንድ ግዛት የተመዘገቡ ሕሙማን ሲነጻጸሩ በጥቁሮቹ ላይ ሽፍታው ብዙም አልተመዘገበም፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን በርክቶ ተገኝቷል። የቆዳ ቀለም ከበሽታው አያድንም፤ ልዩነቱ ሽፍታው ሳይታይ ማለፉን እንጂ ሌላ አይነግረንም። ስለዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቦስተን ወይም ሚኒሶታ የሚኖር አበሻ ቀለም ከመፈለግ ይልቅ ስፋቱን ቢከታተል ይሻለዋል። ቦታውን በቀን ብርሃን ማየት፣ ጠርዙን በእስክሪብቶ ማስመር፣ ፎቶ ማንሳት፣ በማግስቱ ከመስመሩ አልፎ እንደሆነ መመልከት፤ ሐኪም ፊት እነዚያ ሁለት ፎቶዎች ከረጅም ገለጻ ይበልጣሉ።

ከሽፍታው ጋር ወይም ያለ ሽፍታው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይመጣል። በእኛ ቤት ይህ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል። በበጋ አጋማሽ፣ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ሳይኖር የመጣ “ጉንፋን” ግን፣ በተለይ ግቢው ጫካ ለሚያዋስነው ሰው፣ ስለ መዥገር ሊያስጠይቅ ይገባል።

ሳይታከም ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ባክቴሪያው በደም ይሰራጫል። በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ተጨማሪ ሽፍታዎች ይወጣሉ። የፊት ነርቭ ይመታና አንድ ወገን ፊት ይወድቃል፤ ዓይን አልከደን፣ ከንፈር አልነሣ ይላል። ቤተሰብ ስትሮክ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጡም ትክክል ነው፣ እዚያ ሲደርሱ ግን ላይምም ቢነሣ መልካም ነው። ሁለቱም ወገን ፊት አብሮ ከወደቀ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የአንገት መገተርና ሌሊት የሚብስ የነርቭ ሕመምም አለ። አልፎ አልፎ ልብን ይነካል፤ የልብ ምት ይዘገያል፣ ሰውዬው ያዞረዋል፣ ራሱን ይስታል። ይህ ለነገ የማይባል ነው። በመጨረሻ የሚመጣው መሬይና ጎረቤቶቻቸው ያዩት ነው፤ ጉልበት በጣም ያብጣል፣ ሕመሙ ግን ከእብጠቱ ያነሰ ነው፤ ይጎድላል፣ ተመልሶ ይሞላል።

የደም ምርመራው የሚፈልገው ተህዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ እስኪሠራ ሳምንታት ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ሰሞን “የለብህም” የሚል ውጤት ብዙም አያስተማምንም። በሽታው ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ሽፍታው ከታየበት ሐኪም ምርመራ ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል። ፊቱ ለወደቀና ጉልበቱ ላበጠ ግን ምርመራው ጥሩ ይሠራል።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ለመነሻው ደረጃ ዶክሲሳይክሊን ወይም አሞክሲሲሊን ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል። አንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል። የግርሻ ትኩሳት ያከመ የኢትዮጵያ ነርስ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚነሣ ነውና ለሐኪም ይነገራል እንጂ መድኃኒት አያስቆምም። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ከታከሙም በኋላ ድካምና ቁርጥማት ለወራት አይለቃቸውም። ስቃያቸው እውነተኛ ነው፤ ለወራት በደም ሥር አንቲባዮቲክ የሚሸጡላቸው ክሊኒኮች ግን፣ በጥናት ጥቅሙ ያልታየውንና ጉዳት የሚያመጣውን ነገር ነው የሚሸጡት።

ተጣብቆ የተገኘ መዥገር በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ፣ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይሳባል። ቅቤ መቀባት፣ ላምባ ማፍሰስ፣ በክብሪት መለብለብ ጊዜ ከማባከን አልፎ ተህዋሱን ወደ ቆዳ ሊያስገባ ይችላል። ባክቴሪያው ለመተላለፍ በአብዛኛው ከ24 ሰዓት በላይ መጣበቅን ስለሚጠይቅ ማታ ገላን መፈተሽ ብዙ ያድናል። መዥገሩ ረጅም ጊዜ ቆይቶ በደም አብጦ ከተገኘ፣ በተነቀለ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል።

አንዴ መያዝ ለሁለተኛ ጊዜ ከመያዝ አያድንም። የደም ምርመራው ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት “አለብህ” ሊል ይችላል። ስለዚህ አምና ታክሞ የዳነ ሰው ዘንድሮ አዲስ ሽፍታ ቢወጣበት ምርመራው የአምናውን ከዘንድሮው አይለይለትም፤ ሐኪሙ የሚፈርደው ቆዳውን አይቶ ነው።