ስምን የሚያወጣው መልአክ ነው ወይስ ኑሮ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ይህ ብሂል በየክርስትናው ድግስና በየአራስ ቤቱ ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ ስም በሰው ልጅ ሕይወት ውስጥ ያለውን ክብደት ያስገነዝባል። ይሁን እንጂ ስም የሚፈልቀው ከኅብረተሰቡ ኑሮ፣ ከታሪኩና ከኢኮኖሚያዊ ግንኙነቱ መሆኑን ለመረዳት፣ በአንድ ዘመን በአንድ አገር የተወለዱ ሕፃናት ማን ተብለው እንደተጠሩ መመርመር ይበቃል። ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የአሜሪካ ኅብረተሰብ ሰፊ መስክ ነው። በዚያ አገር የሕፃናት ስም ከ1880 እ.ኤ.አ. ልደት ጀምሮ በቁጥር ተሰልቶ ይገኛልና።

የመዝገቡ አመጣጥ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲታወጅ፣ ለጡረታው ሲባል የእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ መመዝገብ ነበረበት። ስለሆነም ከ1936 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ለሠርቶ አደሩ የመለያ ቁጥር ይታደል ጀመር። ቁጥሩን ለማግኘት በፋብሪካውና በማዕድኑ የዋለው ሁሉ ስሙንና የልደት ዘመኑን በማመልከቻው ላይ አሠፈረ። ዛሬ ጋዜጦች በየዓመቱ «ተወዳጅ የሕፃናት ስሞች» እያሉ ለመዝናኛ የሚያወጡት ዝርዝር የሚቀዳው ከዚሁ የሠራተኛ የጡረታ መዝገብ ነው። ለመዝናኛ የቀረበው ነገር ሥሩ ሲቆፈር ከሥራና ከደመወዝ ጋር ተያይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ከ2010 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በነበሩት አሥር ዓመታት ለሴት ልጆች በብዛት የወጡት ስሞች ኤማ፣ ኦሊቪያ፣ ሶፊያ፣ ኢዛቤላ፣ ኤቫና ሚያ ነበሩ። ኤማ የተባሉት ሕፃናት ብቻ ከ190 ሺህ በላይ ናቸው። ቁጥሩ ትልቅ ይምሰል እንጂ፣ በዘመኑ ከተወለዱት ሴቶች ከመቶ አንዷ ያህል ብቻ ናት ኤማ የተባለችው። በ1880 እ.ኤ.አ. ግን በመዝገቡ ከሠፈሩት ሴት ልጆች ከመቶ ሰባት የሚሆኑት ሜሪ ይባሉ ነበር። ሜሪ፣ ማለትም ማርያም፣ ከ1880 እስከ 1946 እ.ኤ.አ. አንድም ዓመት ሳታቋርጥ የመጀመሪያውን ሥፍራ ይዛ ቆየች። በ2010ዎቹ ግን ከመቶዎቹ ተወዳጅ ስሞች እንኳ ውጭ ሆነች።

ይህን ለውጥ ያመጣው ምንድን ነው? በሜሪ ዘመን ስም የሚመዘዘው ከቅዱስ መጽሐፍና ከአያቶች ነበር። ሕፃኗ የአያቷን ስም ስትወርስ የቤተሰቡን፣ የርስቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ቀጣይነት ትወርስ ነበር። ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲጎርፍና ራዲዮንና ሲኒማ በየቤቱና በየመንደሩ ሲገቡ፣ የስም ምንጩም ተለወጠ። በ1947 እ.ኤ.አ. ሜሪን ከዙፋኗ ያወረደችው ሊንዳ ስትሆን፣ በዚያው ዓመት በዚሁ ስም የተዘፈነ ዘፈን በራዲዮ ገንኖ ነበር። በ2010ዎቹ ደግሞ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ለአንዲት ገጸ ባሕርይ ማዕረግ የሆነው «ካሊሲ» የተባለ ቃል ስም ሆነና፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ500 በላይ ሕፃናት ተጠሩበት።

ወላጆች አያት ወይም ቄስ ሳያስገድዳቸው ስም መምረጣቸው ተራማጅ እርምጃ መሆኑን መካድ አይገባም። ሆኖም ምርጫው ከዘመኑ ነፋስ የጸዳ አልነበረም። ከላይ የተዘረዘሩትን ስድስት ስሞች አንባቢው ጮክ ብሎ ቢያነባቸው፣ ስድስቱም በአንድ ድምፅ እንደሚያልቁ ጆሮው ይመሰክርለታል። እያንዳንዱ ወላጅ ከጎረቤቱ ለመለየት ሲል የመረጠው ስም፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባችበት ዕለት አራት መሰሎቿ ከጎኗ ተቀምጠው አገኛት።

ገበያው ለሕፃናት ስም ማበርከት ብቻ ሳይሆን፣ ስማቸውን ለራሱ መውሰድም ጀምሯል። አማዞን የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በኅዳር ወር 2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ተናጋሪ መሣሪያ «አሌክሳ» ሲባል ይመልሳል። ስሙ የተመረጠው ድምፁ ለመሣሪያው በቀላሉ የሚለይ በመሆኑ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 6 ሺህ ያህል ሕፃናት በዚህ ስም ተጠርተው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን ቁጥሩ ከአንድ ሺህ በታች ወረደ። በዚያው ዓመት በብሪታኒያ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እንደ ማሽን ትእዛዝ እየተሰጣቸው መሣለቂያ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ስማቸውን ለመለወጥ የተገደዱም ነበሩ። እናት ለልጇ በፍቅር ያወጣችው ስም፣ ማንም ሳያማክራት፣ የዕቃ መጥሪያ ሆነ። ዕቃው «አድርጊ» ሲሉት የሚያደርግ፣ «ዝም በይ» ሲሉት ዝም የሚል ነውና፣ የሴት ስም ለእንዲህ ያለ አገልጋይ መሰጠቱ ኅብረተሰቡ ስለ ሴት ያለውን አሮጌ አስተሳሰብ አጋልጧል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለሠራተኛው ቅርብ የሆነው ጉዳይ ግን በመቅጠሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ነው። ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን በቦስተንና በቺካጎ ከተሞች በጋዜጣ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5 ሺህ ያህል የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው፣ ውጤቱን በ2004 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በማመልከቻዎቹ ላይ ትምህርቱና የሥራ ልምዱ ተመጣጣኝ ሲሆን፣ የሚለየው ስሙ ነበር። ግማሹ ኤሚሊን የመሳሰሉ በነጮች ዘንድ የተለመዱ ስሞችን፣ ግማሹ ላኪሻንና ታሚካን የመሳሰሉ በጥቁሮች ዘንድ የተለመዱ ስሞችን ያዘ። የነጭ ስም የያዘው ለአንድ ጥሪ አሥር ማመልከቻ ሲበቃው፣ የጥቁር ስም የያዘው አሥራ አምስት ማስገባት ነበረበት። የነጭ ስም መያዝ የስምንት ዓመት ተጨማሪ የሥራ ልምድ ያህል ዋጋ እንዳለውም አስሉ። ልብ በሉ! ቀጣሪው የላኪሻን ፊት አላየም፣ ድምጿን አልሰማም፣ ሥራዋን አልፈተነም። ወረቀቷን ወደ ጎን ያስቀመጠው ስሟን አንብቦ ብቻ ነው።

ኤሚሊ ከ1996 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከሴቶች ስም ሁሉ አንደኛ ነበረች። በ2010ዎቹም ከቀዳሚዎቹ ተርታ አልወጣችም። «ተወዳጅ ስም» የሚለው ዝርዝር ስለዚህ ልዩ ትርጉም አለው። ማንን እንደሚወድ፣ የማን በር እንደሚከፈት መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥቁር አሜሪካውያን አያት ቅድመ አያቶች በባርነት ዘመን በጌቶቻቸው ፈቃድ ይሰየሙ ነበር። ከ1960ዎቹ የመብት ትግል ወዲህ ብዙ እናቶች ከነጮች የማይጋሩትን ስም ለልጆቻቸው ማውጣታቸው፣ የተነጠቀውን የመሰየም መብት ማስመለስ ነበር። ያንን ክብር የሥራ ማጣት ምክንያት ያደረገው ስሙ ሳይሆን አድልዎው ነው።

ይህ የባሕር ማዶ ታሪክ ብቻ ነው ብሎ መጽናናት ራስን ማታለል ይሆናል። በእኛም አገር በዘውዱ ዘመን ኦሮምኛ ወይም ሌላ የብሔረሰብ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ የአማርኛ ስም ወጥቶላቸዋል። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ እስራኤል ለተጓዙት ወገኖቻችንም እንዲሁ፣ የወላጆቻቸው ስጦታ ወደ ጎን ተደርጎ የዕብራይስጥ ስም ታድሏቸዋል። የእኛ እናቶች ስም ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘነበች፣ አስናቀች፣ በላይነሽ ሲባል አንድ ነገር ይነገራል። ምትኬና ማስረሻ ሲባል ከዚያ በፊት በቤቱ የደረሰው ሐዘን ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ስም መለወጥ ከቤተሰቡ ታሪክ አንድ ገጽ መቅደድ ነው።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የሕፃናት ስም በመንግሥት መዝገብ ይሠፍራል። ስለዚህ በየቀበሌው መዝጋቢው እናት የነገረችውን ስም፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ሳያርምና ሳያቃና ሊጽፍ ይገባዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የሚመርጠው ሰው፣ የአመልካቹን ስም ሸፍኖ ሙያውን አስቀድሞ ቢያነብ ራሱን ከአድልዎ ይጠብቃል። የሠፈሩ ማኅበርተኛም ጎረቤቱ ለልጇ ያወጣችው ስም ለጆሮው እንግዳ ቢሆንበት፣ ከመሳቁ በፊት ትርጉሙን ይጠይቃት። ስም የሚያወጣ መልአክ ካለም፣ ከአራሷ አጠገብ ተቀምጦ የምትለውን የሚያዳምጥ መሆን አለበት።