የመዥገር መድኃኒት ውሻውንም እንዳይጎዳ

መዥገርና ቁንጫ ደም መጣጮች ናቸው። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው ቆላ የምትኖሩ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ውሻ ደግሞ የመንጋው የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ውሻውን ከመዥገር ማዳን ይገባል። ግን በምንና እንዴት?

በልዩ ልዩ አገሮች በመድኃኒት የተሠራ የውሻ አንገት ማሰሪያ ይሸጣል። ማሰሪያው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ መድኃኒቱም በቆዳውና በጠጉሩ ላይ ይዳረሳል። አንዳንዱ እስከ 8 ወር ይሠራል። መድኃኒቱ መዥገሩን የሚገድለው ነርቩን መትቶ ነው። ውሻም ነርቭ አለው። መጠኑ ሲበዛ ወይም ሳይስማማው ሲቀር ውሻውም ይታመማል።

ምሳሌ እንስጣችሁ። «ሴሬስቶ» የተባለው ማሰሪያ በአሜሪካ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እስከ 2020 ድረስ ለአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ75 ሺህ በላይ የጉዳት ሪፖርቶች ደረሱ። ወደ 1,700 የሚሆኑት የእንስሳት ሞት የተጠቀሰባቸው ነበሩ። ሪፖርት ቀረበ ማለት ግን ማሰሪያው ገደለ ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን መርምሮ በ2023 ሽያጩ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን ለ5 ዓመት ብቻ ሆነ፤ ማስጠንቀቂያም ታከለበት።

በእኛ አገር ከማሰሪያው ይልቅ የሚታወቀው በውሃ ተበጥብጦ የሚረጨው ነው። ዲያዚኖንና አሚትራዝ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ለከብት የተበጠበጠውን «ይኸም ለውሻው ይሁን» ብሎ መቀባት አደጋ አለው። ጨርቅ ወይም ገመድ በመድኃኒት ነክሮ አንገቱ ላይ ማሰርማ የባሰ ነው፤ መጠኑን ማን ያውቀዋል? አሚትራዝ ለፈረስና ለአህያም አይሆንም፤ አንጀታቸውን ያስራል። በዱብቲና በአሚባራ ለጥጥ እርሻ የሚረጨው ፀረ ተባይም በእንስሳ ገላ ላይ ጨርሶ አይደረግም። ባዶ ዕቃውም ውሃ አይቀዳበትም።

ምልክቶቹን ዕወቁ

ማሰሪያ ባረፈበት ቦታ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ይቆስላል። ይህ ቀላሉ ነው። መርዙ ወደ ሰውነቱ ሲገባ ግን ነገሩ ይከብዳል። በዲያዚኖን የተመረዘ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአሚትራዝ የተመረዘው ደግሞ ይደነዝዛል፣ ይዝላል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ ገላው ይቀዘቅዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1ኛ/ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱ። 2ኛ/ እጃችሁን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ውሻውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት። 3ኛ/ ለሚንቀጠቀጥ ውሻ በአፉ ምንም አታጠጡት። 4ኛ/ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ።

ጠርሙሱ ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ማርከሻው እንደ መርዙ ስለሚለያይ ነው። ለዲያዚኖን አትሮፒን የተባለው መርፌ ይሰጣል፤ ለአሚትራዝ ግን የሚሰጠው ሌላ ነው። ሐኪሙ የመርዙን ስም ካላወቀ ጊዜ ያልፋል፤ ውሻውም ይሞታል።

ከሁሉ በፊት መከላከል ይሻላል። ለቡችላና ለታመመ ውሻ ሐኪም ሳይጠየቅ ምንም አይደረግ። ማሰሪያና የሚረጭ መድኃኒት ባንድ ጊዜ አይደረብ። ማሰሪያው ሲታሰር በሥሩ ሁለት ጣት ያስገባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻውን በየዕለቱ ተመልከቱት። ሕፃናት ማሰሪያውን አይነካኩ። መዥገር በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥም ስለሚደበቅ የውሻውን ማደሪያ ጥረጉ፣ ስንጥቁን ድፈኑ።

ማንበብ የምትችሉ ሁሉ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የመድኃኒት ስምና መጠን ማንበብ ለማይችለው ጎረቤት አንብቡለት። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ከሆነ ለባለሙያ አሳዩ። ስሙን ሳታውቁ ጠርሙሱን አትክፈቱ።